የቤተ መጻሕፍት ቴክኖሎጂ ሥራ በአሜሪካ፦ ማስታወቂያውን አንብበን የምንሳሳተው

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሲስተም ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አገር ቤት ሳሉ ኮሃ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የጫኑ፣ ዲስፔስ በሚባለው ዲጂታል ማከማቻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያደራጁ የኖሩ፣ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጡ ወንድሞችና እኅቶች በየጊዜው ይደውሉልኛል። አብዛኞቹ መጋዘን ይሠራሉ ወይም መኪና ያሽከረክራሉ። ለሙያቸው የሚሆን ክፍት የሥራ ቦታ ስልክላቸው «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ይሉኛል። የሚሰጡኝ ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ልክ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ላይብረሪያን ካለ የአሜሪካ ማስተርስ ይፈልጋል»

የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለሙያው ተገቢ የሚለው ዲግሪ እሱ ራሱ እውቅና ከሰጠው ፕሮግራም የተገኘ ማስተርስ ብቻ አይደለም። በሌላ አገር በሚመለከተው ብሔራዊ አካል እውቅና ያገኘ የሙያው ማስተርስም ፖሊሲው ላይ አብሮ ተጽፏል። ውሳኔው የቀጣሪው ስለሆነ የትምህርት ማስረጃችሁን አስገምግሙ ሊላችሁ ይችላል፤ ይህንን ቀድሞ ማስጨረስ ነው። ደግሞ የሥራ መደቡን ስም ተመልከቱ። «ዴቨሎፐር»፣ «ሲስተምስ አናሊስት» የሚሉት ብዙ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ዲግሪን ግዴታ አያደርጉም። «ወይም ተመጣጣኝ ልምድ» የምትለው ሐረግ ዓይናቸው ሥር እያለች የሚያልፏት ብዙ ናቸው።

«ሲስተምስ ላይብረሪያን ማለት ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው»

ይህኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ ለሥራው ከማንም በላይ የሚሆኑትን ሰዎች ያስቀራልና። ፕሪንተር ሲበላሽ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። ሲስተምስ ላይብረሪያን የሚጠብቀው መዝገቡን፣ ፍለጋውን፣ ተማሪው ከቤቱ ሆኖ ጆርናል የሚከፍትበትን መግቢያ ነው።

አንድ የአማርኛ መጽሐፍ እንውሰድ። ካታሎግ የሚደረግበት ማርክ የሚባለው ቅርጽ እያንዳንዱን መረጃ በቁጥር በተሰየመ መስክ ያስቀምጣል። 245 ላይ ርዕሱ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይገባል፤ 880 ላይ ያው ርዕስ በፊደላችን ይቀመጣል፤ ሁለቱን የምታያይዝ ትንሽ ኮድ አለች። ቤተ መጻሕፍቱ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ ሲዛወር ያቺ ኮድ ከተበላሸች በፊደላችን የተጻፈው ርዕስ ከላቲኑ ተነጥሎ ይቀራል፤ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ እያለ «አልተገኘም» ይባላል። የደራሲው ስም ደግሞ 100 ላይ ይገባል። በቤተሰብ ስም ለሚጠራ ሰው የመስኩ የመጀመሪያዋ ምልክት 1 ናት፤ በራሱ ስም ለሚጠራ 0 ናት። የእኛ ስም 0 ነው። ይህንን የማያውቅ ሰው በሺህ የሚቆጠር መዝገብ በአንድ ትእዛዝ ሲያስተካክል አበበ ከበደ የተባለውን ደራሲ «ከበደ፣ አበበ» አድርጎ በአባቱ ስም ያስመዘግበዋል። የኅትመቱ ዘመን 1998 ዓ.ም. ከሆነም አጠገቡ 2005 ወይም 2006 ተብሎ ካልተጻፈ መጽሐፉ በሰባት በስምንት ዓመት ያረጃል። ፍለጋውም ቢሆን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተዋቀረ ግማሹን ይደብቃል። ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ስክሪን ላይ መታየቱ ብዙም አያስቸግርም፤ ችግሩ አሁን ያልኩት ዓይነት ነው። አማርኛ አንባቢ ይህንን ስህተት ገና ሲያየው ይለየዋል፤ ጎበዝ ፕሮግራመር ግን ቋንቋውን ካላወቀ አያየውም። ማስታወቂያው «ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት የመሥራት ልምድ» ሲል የሚፈልገው ይህንን ነው።

ይህ እውቀት እንደ ዋና ሙያ የሚቆጠርበትም ቦታ አለ። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ካስነሡት ተቋማት አንዱ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሥተዋል፤ የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያ ለብዙ ዓመታት ካታሎግ ሲሠሩ ኖረዋል።

«አገር ቤት በኮሃ የሠራሁት እዚህ አይቆጠርም»

ይቆጠራል። ኮሃ ኒው ዚላንድ ውስጥ፣ ሆሮፌኑዋ ለሚባል ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ በጥር 2000 ሥራ ጀመረ፤ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። ዛሬ እዚህም ብዙ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀሙበታል። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በክፍያ የሚገዛ ሌላ ሲስተም ቢኖራቸውም መዝገቡ ያው ማርክ ነው።

የሚጎድለው አጻጻፉ ነው። «ኮሃን በሚገባ አውቃለሁ» የሚል ደብዳቤ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። «ከካርድና ከኤክሴል 30,000 መዝገብ አጽድቼ ወደ ኮሃ አስገባሁ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ግቢ ሰርቨሩ መረጃ እንዳያጠፋ በየሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲወስድ አደረግሁ» ቢል ግን ቁጭ ብለው ያነቡታል። ሥራውን ከሠራችሁት በቁጥሩ ጻፉት።

«የተዘረዘረውን ሁሉ ካላሟላሁ አላመለክትም»

አገር ቤት ማስታወቂያው ዲግሪና 4 ዓመት ካለ 3 ዓመት ከስድስት ወር ያለው ከምዝገባው ይመለሳል። እዚህ ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፦ ግዴታ የሆነው እና ቢኖር የሚመረጠው። ግዴታውን ማሟላት አለባችሁ። የሚመረጠውን ግን ሁሉንም ያሟላ አመልካች እኔ በተቀመጥኩባቸው የቅጥር ኮሚቴዎች አላጋጠመኝም። ኮሚቴው እያንዳንዱን መስፈርት በሰንጠረዥ ይዞ ደብዳቤውን ስለሚያነብ፣ ደብዳቤያችሁ ለእያንዳንዱ ግዴታ አንድ ምሳሌ ይስጥ። ለአሥር ቦታ አንድ ደብዳቤ መላክ ጊዜ ማባከን ነው።

«ለይስሙላ ነው የወጣው፣ ሰውየው ታውቋል»

አንዳንዴ እውነት ነው፤ ከውስጥ የታሰበ ሰው ይኖራል። ከውጭ የመጣ አመልካች ያንን ሰው ሲበልጠው ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ስለ ደመወዝ መጠየቅ ነውር ነው»

«ደመወዝ፦ በስምምነት» እያነበብን ስላደግን ዝም እንላለን። በ2021 መጀመሪያ ኮሎራዶ ቀጣሪዎች የደመወዙን መነሻና ጣሪያ ማስታወቂያው ላይ እንዲጽፉ በሕግ አስገደደች፤ በኅዳር 2022 ኒው ዮርክ ከተማ፣ በጥር 2023 ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ተከተሉ። ሕጉ በሌለበት ስቴት «እንደ ልምዱ» ብቻ ብለው ከጻፉ ገና በመጀመሪያው ስልክ ጠይቁ። ማንም አይቀየማችሁም።

«እስኪሞላ ክፍት ነው ስለሚል ጊዜ አለኝ»

የለም። አጠገቡ «ማመልከቻዎችን ማየት የምንጀምረው» የሚል ቀን ካለ የእናንተ የመጨረሻ ቀን እሱ ነው።

«ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ቋሚ ነው»

«የሁለት ዓመት»፣ «በግራንት (ለተወሰነ ጊዜ በሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ) የተደገፈ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ዲጂታል የማድረግና የማኅደር ፕሮጀክቶች ላይ ይበዛሉ። በመጋቢት 2025 ለቤተ መጻሕፍትና ለሙዚየሞች ገንዘብ የሚሰጠው የፌዴራል ተቋም፣ ሕግ እስከሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን ድረስ እንዲቀነስ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ወጣ፤ በሚቀጥለው ወር ብዙ ግራንቶች ተሰረዙ። የእኔም የመጀመሪያ ሥራ የሁለት ዓመት ነበር፤ ወደ ሙያው ያስገባኝም እሱ ስለሆነ አትንኩት አልልም። ቤት ከመከራየታችሁ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ የሚያልቅበትን ቀን፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሠራተኛ ጊዜው ሲያልቅ የት እንደገባ ጠይቁ። ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ አልጠየቅሁም ነበር፤ ውሉ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ነው ከእኔ በፊት የነበረችው ሳትታደስ እንደሄደች የሰማሁት።