«ትርፍ መዋጮ» ምንድን ነው? ለየብቻ ታክስ የሚያሳውቁ ባልና ሚስት የጡረታ ቁጠባ

በአሜሪካ ሮት አይአርኤ በሚባለው የግል የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ የገባ ገንዘብ ትርፍ መዋጮ ይባላል። ባልና ሚስት ታክሳቸውን ለየብቻ ሲያሳውቁ ልኩ እጅግ ይጠብባል፤ በዓመቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን አብረው ከኖሩ፣ ለዚሁ ስሌት የሚወሰደው ገቢው 10,000 ዶላር የደረሰ ሰው ለሮት ምንም ማስገባት አይችልም። ሌሎቹ የገቢ ጣሪያዎች የዋጋ ንረቱን ተከትለው ሲሻሻሉ ይህ ቁጥር ባለበት ቆሟል፤ የተማሪ ብድር ክፍያቸው በራሳቸው ገቢ ብቻ እንዲሰላ ብለው ለየብቻ የሚያሳውቁ ብዙዎችም ሳያውቁት ይጥሱታል።

ሚስቱ አዲስ አበባ ቪዛ እየጠበቀች ሳለ ቨርጂኒያ የሚሠራ፣ ገቢው 70,000 ዶላር የሆነ ባል እናስብ። ዓመቱን ሙሉ ተለያይተው ቢከርሙ ለዚህ ሕግ እንደ ላጤ ስለሚታይ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያስገባው 7,000 ዶላር ችግር አልነበረበትም። ሚስቱ በዲሴምበር መጥታ አንድ ቤት ከገቡና ለየብቻ ካሳወቁ ግን 7,000 ዶላሩ በሙሉ ትርፍ መዋጮ ይሆናል። ካልታረመ በየዓመቱ 6 በመቶ፣ ማለትም 420 ዶላር ኤክሳይዝ ታክስ (የቅጣት ታክስ) በፎርም 5329 ይከፈልበታል፤ ቅጣቱ ትርፍ መዋጮው እስኪታረም ድረስ አይቆምም።

ማረሚያው ገንዘቡን ካፈራው የኢንቨስትመንት ትርፍ ጋር ማውጣት ነው። 7,000ው አድጎ 7,700 ከሆነ 7,700ው ይወጣል፤ 700ውም መዋጮው በገባበት በ2024 ገቢ ላይ ተደምሮ ታክስ ይከፈልበታል። በ2022 መጨረሻ በወጣው ሕግ መሠረት በዚህ 700 ላይ የነበረው የ10 በመቶ ተጨማሪ ቅጣት ቀርቷል። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ፦ ገንዘቡን እንደ ተራ ወጪ አታውጡት፤ ሒሳቡን ለያዘው ድርጅት የትርፍ መዋጮ ማረሚያ መሆኑን በጽሑፍ አስታውቁ፣ የኢንቨስትመንት ትርፉን ስሌትም እርሱ ይሥራው። ቀነ ገደቡ ታክስ የሚቀርብበት ቀን ሲሆን፣ በወቅቱ ላሳወቀ ሰው ስድስት ወር ይጨመርለታል፤ ለ2024 መዋጮ ይህ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ነበር።

በዚያው ጊዜ ውስጥ መዋጮውን ካፈራው ትርፍ ጋር ትራዲሽናል አይአርኤ ወደሚባለው ሌላው ዓይነት የግል የጡረታ ሒሳብ ማዛወርም ይቻላል፤ ገንዘቡ ከመጀመሪያው እዚያ እንደገባ ይቆጠራል፣ ከታክስ የማይቀነስ ከሆነም በፎርም 8606 መመዝገብ አለበት። ቀኑ ካለፈ የኢንቨስትመንት ትርፉን ሳይጨምሩ መዋጮውን ብቻ ያወጣሉ፤ ያለፉት ዓመታት 6 በመቶ ግን አይቀርም።

ለየብቻ ያሳወቁ ባልና ሚስት በሦስት ዓመት ውስጥ አሻሽለው በጋራ ማሳወቅ የሚችሉበትም መንገድ አለ። ለ2024 የጋራ ገቢያቸው ከ230,000 ዶላር በታች ከሆነ ያው ገንዘብ ትርፍ መዋጮ መሆኑ ይቀራል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣት በፊት ይህን ማስላት ይገባል።