«ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል የማይናገረው፦ ስለ ሳይቶሜጋሎቫይረስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ በላብራቶሪ ሙያ ስሠራ ከሁሉም የሚከብደኝ ውጤት የምሰጥበት ሰዓት ነው። ፅንስ የተቋረጠባት ሴት ወረቀቱን ተቀብላ ታነባለች፤ «ሳይቶሜጋሎቫይረስ፣ አይጂጂ፣ ፖዘቲቭ»። ሐኪሟ ዘንድ ሳትመለስ ባሏ ወረቀቱን ከእጇ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በመካከላቸው የሚወርደውን ዝምታ ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህን ለመጻፍ ያስነሣኝም እርሱ ነው።

«ብርቅ በሽታ ይዞኛል»

ብርቁስ ያልተያዘው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ከዓለም ሕዝብ 83 በመቶ ያህሉ፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉት ሴቶች ደግሞ 86 በመቶ ያህሉ በቫይረሱ እንደተያዙ ገምቷል። በአውሮፓ ቁጥሩ ወደ 66 በመቶ ዝቅ ይላል፤ በምሥራቅ ሜድትራኒያን አካባቢ 90 ይደርሳል። በአፍሪካ ብዙ አካባቢዎች አብዛኛው ሰው የሚያዘው ገና በሕፃንነቱ ነው። ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ መያዙን እንኳ አያውቅም፤ ቢታወቀውም ቀላል ትኩሳትና ድካም ሆኖ ያልፋል። ቫይረሱ አልማዝ ባለጭራን ከሚያመጣው ቫይረስ ጋር አንድ ወገን ነው፤ እንደ ዘመዱ ሁሉ አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል።

«የድሃ ወይም ንጽሕናውን የማይጠብቅ ሰው በሽታ ነው»

በማኅበረሰቦች መካከል ልዩነት መኖሩ እውነት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1994 በተደረገ አገር አቀፍ ምርመራ ከነጮች ግማሽ ያህሉ፣ ከጥቁሮች ሦስት አራተኛው፣ ከሜክሲኮ ተወላጆች ደግሞ ከዐሥር ስምንቱ ተይዘው ተገኝተዋል። ልዩነቱን ያመጣው ግን የሰዎቹ ደም ወይም ቆሻሻነት አይደለም። ቫይረሱ በምራቅ፣ በሽንት፣ በጡት ወተት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በደም ይተላለፋል፤ ስለዚህ ሕፃናት በሚበዙበት፣ እናቶች ጡት በሚያጠቡበት፣ ሰው ተቀራርቦ በሚኖርበት ቤት ቶሎ ይዳረሳል። ዕድሜ ሲጨምር የተያዘው ይበዛል፤ ከወንዶች ይልቅም ሴቶች ይበዛሉ፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕፃን የሚያቅፉትና የሚያጥቡት በአብዛኛው እነርሱ መሆናቸው ነው። እኛ ዘንድ ሕፃን ከጭን ወደ ጭን ሲዞር ይውላል፣ አያት አላምጣ ታጎርሰዋለች፣ ታላቅ እኅቱ ከአፏ አውጥታ ታካፍለዋለች። ይህ የፍቅር ኑሮ እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

«ባሌ አመጣብኝ» ወይም «ሚስቴ ከሌላ ሰው ያዘች»

ይህኛው ትዳር ያፈርሳል። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ የሚስቱን ውጤት ይዞ ብቻውን መጣና «ከማን እንደያዛት ንገረኝ» አለኝ። ልነግረው የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ ያንን አያውቅም። አይጂጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል በደም ውስጥ የሚያመርተው ነገር) ፖዘቲቭ ሲሆን ሰውነቷ በሕይወቷ አንድ ቀን ቫይረሱን አግኝቶታል ማለት ነው። ምናልባት የእናቷን ጡት ስትጠባ፣ ምናልባትም በአራት ዓመቷ ከጎረቤት ልጅ ጋር ስትጫወት። በግብረ ሥጋ ግንኙነት መተላለፉን አልክድም፤ ግን ምርመራው መንገዱንም፣ ቀኑንም፣ ሰውየውንም አይናገርም። ባልየው ራሱ ቢመረመር ፖዘቲቭ የመሆኑ ዕድል እጅግ ሰፊ ነው።

«አይጂኤም ከሆነስ?» ይሉኛል። አይጂኤም የሚባለው ሌላው ፀረ እንግዳ አካል አዲስ መያዝን ሊጠቁም ይችላል፤ ነገር ግን ለወራት ይቆያል፣ የተኛው ቫይረስ ሲነቃም ይወጣል፣ አንዳንዴም ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይሆናል። ጊዜውን ለመለየት ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የላላው የቅርብ፣ የጠበቀው የቆየ ነው። ፅንሱን ያቋረጠው ይህ ቫይረስ ነው ለማለትም አይጂጂ ብቻውን ምንም ማስረጃ አይሆንም።

«ከድመት ወይም ከጣና ውሃ ይመጣል»

ከድመት የሚነሣው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ሌላ ተሕዋስ ነው፤ በአንድ ወረቀት አብሮ ስለሚታዘዝ ሰው ያምታታዋል። በሐይቁ ዳር የምንፈራው ደግሞ ቢልሃርዚያ ነው። ይህ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ብቻ ይተላለፋል።

«ቀድሞ የያዛት እናት ልጇ አይነካም»

አንዳንድ ባለሙያም ሳይቀር እንዲህ ሲል ስሰማ አዝናለሁ። እናት በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ቫይረሱ ከሦስት እርግዝና በአንዱ ገደማ ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ ቀድሞ ከያዛት ግን ዕድሉ ወደ አንድ በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሆኖም ሁሉም ሰው ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በተያዘበት አገር ቫይረሱን ይዘው ከሚወለዱት ሕፃናት የሚበዙት ከእነዚሁ ቀድመው ከተያዙ እናቶች ነው። ቫይረሱ ሊተኛ ይችላል፣ ሊነቃ ይችላል፤ በሌላ ዝርያውም እንደገና መያዝ አለ።

ይዘውት ከሚወለዱት አብዛኞቹ ምንም ምልክት የላቸውም፤ ከአምስቱ አንዱ ግን የቆየ ጉዳት ያገኘዋል፣ በተለይ የመስማት ችግር። ጉዳቱ ሲወለድ ላይኖርና ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። የሕፃኑ ምራቅ ወይም ሽንት በተወለደ በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተመረመረ ደግሞ የተያዘው በማህፀን ሳለ ይሁን ወይስ ከተወለደ በኋላ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በር ሲንኳኳ የማይዞር፣ ሲጠሩት የማይደነግጥ ሕፃን ካለ «ያድጋል፣ ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ።

ነፍሰ ጡር የሆነች እናት የትንሽ ልጅ ሽንት ጨርቅ ከለወጠች ወይም ንፍጡን ከጠረገች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ። የልጁን ማንኪያ አፏ ውስጥ አታስገባ፤ ስትስመውም ግንባሩን ትሳም።

«ጡት ማጥባት ላቁም?»

አይሆንም። በጊዜው ለተወለደ ሕፃን በወተት የሚተላለፈው ቫይረስ ጉዳት አያመጣም። ጊዜው ሳይደርስ እጅግ ትንሽ ሆኖ የተወለደ ከሆነ ብቻ ሐኪሙን ማማከር ይገባል።

«እንግዲያውስ ማንንም አይጎዳም»

የመከላከል አቅሙ የደከመን ሰው ይጎዳል፤ የሰውነት ክፍል የተተከለለትን፣ ኤችአይቪ በደሙ ኖሮ ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሴሎቹ ቁጥር ከ50 በታች የወረደበትን። እንዲህ ያለ ሰው በዓይኑ ፊት ክር ወይም ነጠብጣብ የመሰለ ነገር ሲንሳፈፍ ቢያይ፣ ወይም እይታው በአንድ ወገን ቢጨልምበት፣ የወሩን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። መድኃኒት አለው፤ የጠፋውን ብርሃን ግን መድኃኒቱ አይመልሰውም።