ካታሊቲኩን ከማስቆረጣችሁ በፊት

ባለፈው ወር አንድ አባት ቪትዛቸውን ይዘው ጋራዥ መጡ። ሌላ ቦታ ኮምፒውተር አስደርገው ፒ 0420 የሚል ኮድ፣ ማለትም ካታሊቲኩ በደንብ አይሠራም የሚል፣ ወጥቶላቸዋል። "ካታሊቲኩ ሞቷል፣ ቆርጠን እናውጣው" ተብለዋል። ካታሊቲክ የሚባለው ጭስ መውጫው ላይ ተገጥሞ የጭሱን መርዝ የሚቀንስ ዕቃ ነው። "ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ ይደር፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ልየው" አልኳቸው።

በማግስቱ ሞተሩን አስነሳሁት። ረዳቴ የጭስ መውጫውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ አፍኖ ያዘልኝ፣ እኔ ከሥር ገባሁ። ከካታሊቲኩ በፊት ያለው መጋጠሚያ ጥ ጥ ጥ ይላል፤ በአንድ ጎኑ ጣት የሚያህል ጥቁር ጥላሸት ተለጥፏል። የሳሙና ውሃ ስቀባው አረፋ ደፈቀ። መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል። ያን ቀየርኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ ሐሙሲት እየተመላለሱ ሁለት ሳምንት ነዱት፤ መብራቱ አልተመለሰም። ያ ዕቃ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ መኪናው እስካሁን ከነበሽታው ነበር።

እንዲህ ያለውን ስሕተት በየጊዜው ስለማየው፣ ስለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከደንበኞችም ከሙያ ጓደኞቼም የምሰማውን እያነሳሁ ልናገር።

"ኮዱ ካታሊቲክ ካለ ካታሊቲኩ ነው" ይባላል። ኮምፒውተሩ ግን ካታሊቲኩ ውስጥ ገብቶ አያይም። የሚያየው ከካታሊቲኩ ኋላ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ንባብ ነው። ካታሊቲክ ደህና ሲሆን ኦክስጅን ይይዛል፣ ይለቃል፤ ስለዚህ የኋለኛው ሴንሰር ሞተሩ ሞቆ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ ይቀመጣል። ንባቡ ከ0.1 እስከ 0.9 ሲወዛወዝ ፒ 0420 ይመዘገባል። በቀዳዳ የሚገባ አየርም፣ የተበላሸ ሴንሰርም ይህንኑ ሊያመጡ ይችላሉ። መጀመሪያ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ ሴንሰር፣ ካታሊቲኩ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠረጠረው።

"ዕድሜው ሲደርስ በራሱ ይሞታል" የሚለው ደግሞ ሰውን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ ነው፤ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብቶበታል። ሞተሩ በደህና ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። የሚገድለው ከፊቱ የሚመጣው ነው። አንድ ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ሲሰንፍ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲኩ ይሄድና እዚያ ይቀጣጠላል፤ ሸክላው ይቀልጥና ይደፈናል። ቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ይህ እየሆነ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ጋዙን ቀንሱ፣ መኪናውን አቁሙ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ዘይት የሚበላ ሞተርም፣ በተቃጠለ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋርኒሲዮን በኩል ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ የራዲያተር ውሃም ቅቡን ይሸፍኑታል። ይህን ሳያስተካክል አዲስ የገጠመ ሰው አዲሱንም ያቃጥለዋል። ያገለገለ ካታሊቲክ ሁለት ጊዜ ገዝቶ የመጣ ደንበኛ አለኝ፤ ጥፋቱ የአንድ ኮይል ነበር። ያን ቀን በጣም አዘንኩለት።

ቤንዚናችን እርሳስ ስላለበት ካታሊቲክ እዚህ አይኖርም የሚሉም አሉ። እርሳስ ካታሊቲክ መግደሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ አቁሟል።

"መኪናው የቤዛዊትን ኮረብታ አልወጣ አለ፣ ካታሊቲኩ ታፍኗል ማለት ነው።" እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ አየር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ወደ 18 በመቶ ያጣል። መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይረገጥ ሲዞር፣ የሞተሩን የመሳብ ኃይል በሚያሳየው የቫኪዩም መለኪያ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ቢልም፣ እኛ ጋ 6 ኢንች ያህል ይቀነሳል። ስለዚህ 13 አንብቦ "ታፍኗል" ያለ መካኒክ በደህና ሞተር ላይ ፈረደ። ዋናው ነገር የመርፌው አካሄድ ነው፤ ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ይዛችሁ ስትቆዩ መርፌው ቀስ እያለ ከወረደ መታፈን ይጠረጠራል። እኔ ከዚያ በኋላ የፊተኛውን ሴንሰር ፈትቼ በቦታው የግፊት መለኪያ እገጥማለሁ። በሚኒሞ 0.1 ባር እንኳ መሙላት የለበትም፤ በ2,500 ዙር ከ0.2 ባር ካለፈ በእርግጥ ተደፍኗል። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከመቁረጥ በፊት ይህን ያልለካ ሰው መኪናችሁን አይንካ።

"ውስጡን ብሱት፣ ይተነፍሳል።" ከተደፈነ ይቀለዋል፣ አልክድም። ካልተደፈነ ግን የምታገኙት ጫጫታና የማይጠፋ መብራት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱና ያልተቃጠለው ቤንዚን በቀጥታ ዘንባባው ሥር ቆሎ ይዛ የተቀመጠችው እናት ላይ ይወጣል። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ቆርጦ ያወጣው ሰው አሮጌውን ዕቃ ለብረት ገዢ ሲሸጠው ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ፕላቲነም ያለበት ዕቃ መሆኑን አስታውሳችሁ አሮጌውን ተቀበሉ።

ጠዋት ከጭስ መውጫው ውሃ መንጠባጠቡ ብልሽት አይደለም። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይወጣዋል፣ በቀዝቃዛው ቱቦ ይጠራቀማል። የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ብቻ ነው የሚያሳስበው።

ካታሊቲክ ስላለው ጭሱ አይጎዳም ብሎ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማሞቅ ግን ሰው ይገድላል። ካታሊቲክ ሥራ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው፤ እስከዚያ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንዳለ ይወጣል። ሽታም የለውም። በሩን ክፈቱ፣ መኪናውን ወደ ውጭ አውጡት።

ሙቀቱን ካነሳሁ አይቀር፣ በበጋ ወደ ዘጌ በኩል ወርዳችሁ ሐይቁ ዳር ስታቆሙ ሥሩን እዩ። ከመንገድ የመጣ ካታሊቲክ ብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ የደረቀ ረጅም ሣር ከነካው ይለኩሰዋል። ሣሩ የታጨደበት ወይም ባዶ አፈር ላይ አቁሙ።