ደመወዝን የሚወስነው ምንድን ነው? የማርክስ መልስና የሠራተኛ ማኅበራት ቦታ

ጆን ዌስተን አናጢ ነበር፤ የእንግሊዛዊው ሶሻሊስት የሮበርት ኦወን ተከታይና በለንደን የዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር ጠቅላላ ምክር ቤት አባል። እ.ኤ.አ. በ1865 ለምክር ቤቱ ያቀረበው ሐሳብ ለሠራተኛ ማኅበራት መርዶ ነበር። ደመወዝ በአጠቃላይ ቢጨምር ሠራተኛውን አይጠቅመውም፣ ቀጣሪዎች የዕቃ ዋጋ ከፍ አድርገው የሰጡትን መልሰው ይወስዱታል፣ ስለዚህ ለጭማሪ የሚታገሉ ማኅበራት ጉዳታቸው ያመዝናል አለ። ሐሳቡን በሾርባ አስረዳ፦ በሳህኑ ውስጥ ያለው ሾርባ የተወሰነ ከሆነ፣ ማንኪያውን ማስፋት ሾርባውን አያበዛውም።

ይህ ክርክር ዛሬም በሕይወት አለ። እኛም ዘንድ የደመወዝ ጭማሪ ወሬ በተሰማ ቁጥር “ነጋዴው ዋጋ ሊቆልል ነው፣ ጭማሪው ባይመጣ ይሻል ነበር” የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ካርል ማርክስ በዚያው ዓመት በጁን 20 እና 27 ለዌስተን የሰጠው መልስ ለታሪክ አጥኚዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ማርክስ ስለ ደመወዝ ያለውን በጣም ግልጽ አድርጎ የተናገረው በእነዚያ ሁለት ስብሰባዎች ነው። ንግግሩ የታተመው ግን እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1898፣ በልጁ በኤሊኖር አማካይነት ነው።

ስለ ሾርባው የሰጠው መልስ አጭር ነበር። ሠራተኞቹ የሚበሉበት ሳህን የአገሪቱ ሠራተኛ በሙሉ ባመረተው ምርት የተሞላ ነው። የበለጠ እንዳይጨልፉ የሚያግዳቸው የሾርባው ማነስ ወይም የሳህኑ ጥበት አይደለም፤ የማንኪያቸው ትንሽነት ብቻ ነው።

ዋጋን በተመለከተም ያነሣው ጥያቄ ቀላል ነው። ቀጣሪው ዋጋን እንደ ልቡ መቆለል የሚችል ከሆነ ደመወዝ እስኪጨምር ለምን ይጠብቃል? ፍላጎቱማ ሁልጊዜ አለ፤ መመርመር ያለበት አቅሙ ነው። ገበያው ከሚፈቅደው በላይ ዛሬ መሸጥ ካልቻለ፣ ነገ ደመወዝ ስለከፈለ ብቻ አይችልም። ስለዚህ አጠቃላይ የደመወዝ ጭማሪ ውሎ አድሮ የሚቀንሰው የትርፍን ምጣኔ ነው። ማስረጃም አቀረበ። በእንግሊዝ በ1847 የወጣው ሕግ በፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችንና ወጣቶችን የሥራ ቀን ወደ አሥር ሰዓት ዝቅ አድርጎ ነበር። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የዘመኑ ስመ ጥር የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ኢንዱስትሪው ይጠፋል ብለው ነበር፤ ናሶ ሲንየርም ትርፍ የሚገኘው ከቀኑ የመጨረሻ ሰዓት ነው እስከማለት ደርሶ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። የሥራው ሰዓት አጥሮም የፋብሪካ ደመወዝ ጨመረ፣ የተቀጣሪው ቁጥር በዛ፣ የምርቱ ዋጋ ወረደ።

ታዲያ ደመወዝ ምንድን ነው? የማርክስ መልስ ሠራተኛው ለገበያ ከሚያቀርበው ነገር ይጀምራል። ሠራተኛው የሚሸጠው የሠራውን ሥራ አይደለም፤ ሊሠራ የሚችልበትን ጉልበቱን ለተወሰነ ጊዜ ያከራያል። ማርክስ ራሱ ይህን ልዩነት ያጠራው ቀስ በቀስ ነው። በ1849 ባሳተማቸው ጽሑፎቹ ሠራተኛው “ሥራውን” ይሸጣል ይል ነበር። ጽሑፉ በ1891 እንደገና ሲታተም የትግል ጓዱ ኤንግልስ “ጉልበቱን” ብሎ አርሞታል፤ በመግቢያውም የንድፈ ሐሳቡ ዋና መዞሪያ ይህ መሆኑን ገልጿል።

የጉልበት ዋጋ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ዋጋ፣ እርሱን ለማስገኘት በሚያስፈልገው ይለካል። ጉልበት ደግሞ የሚኖረው በሰው ውስጥ ነው። ሰውየው መብላት፣ መልበስ፣ መጠለል፣ ሙያ መማር፣ ነገ የሚተኩትን ልጆች ማሳደግ አለበት። ማርክስ የተጠቀመበት ምሳሌ እንዲህ ነው፦ ለአንድ ቀን የሚያስፈልጉት እነዚህ ነገሮች በስድስት ሰዓት ሥራ የሚመረቱ ይሁኑ፤ በገንዘብም ሦስት ሽልንግ ይሁኑ። ቀጣሪው ሦስት ሽልንግ ከፍሎ ጉልበቱን ገዛው። ከገዛው በኋላ ግን የሚያሠራው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ሠራተኛው የደመወዙን ያህል እሴት ይፈጥራል፤ በቀሩት ስድስት የሚፈጥረው ለቀጣሪው ይቀራል። ትርፍ እሴት የሚባለው ይህ ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ምሳሌ ማንም ማንንም አላጭበረበረም፤ ጉልበቱ በሙሉ ዋጋው ተከፍሎበታል። ማርክስን ከሌሎች የዘመኑ ተቺዎች የሚለየውም ይህ ነው። ብዝበዛን ያገኘው በንግድ ሥርዓቱ መጣስ ውስጥ አልነበረም፤ ሥርዓቱ ሳይጣስ፣ ሁሉም ነገር በሕግና በወግ እየተፈጸመ ሳለ አገኘው።

ይህ ለዓይን የማይታየው፣ ደመወዝ የሙሉ ቀን ክፍያ መስሎ ስለሚሰጥ ነው። ማርክስ ሠራተኛውን ከአውሮፓው ገባር ጋር አነጻጽሮታል፤ ለእኛ አንባቢ ሁዳድ ማለቱ ይበቃል። ገባሩ የተወሰኑ ቀናት በራሱ ማሳ፣ የተወሰኑ ቀናት በጌታው ሁዳድ ላይ ያርሳል። የትኛው ቀን የማን እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። በፋብሪካ ውስጥ ግን የራሱ ሰዓትና የሌላው ሰዓት በአንድ ማሽን፣ በአንድ ፈረቃ፣ ሳይለያይ ተጣምሮ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። የጉልበት ዋጋ ከሌላው ሸቀጥ ዋጋ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የታችኛው ድንበሩ አካላዊ ነው፤ ሰው ከዚያ በታች ቢከፈለው በሕይወት አይቆይም ወይም ትውልድ አይተካም። ከዚያ በላይ ያለው ግን በየአገሩ ልማድ፣ በታሪክና ሰዎች ለኑሮ ይገባናል ብለው በለመዱት የሚወሰን ነው። ጫማ፣ መብራት፣ የልጅ ትምህርት፣ የበዓል ዶሮ በአንድ ዘመን ቅንጦት፣ በሌላ ዘመን የማይታለፍ ነው። ይህ ክፍል ሊሰፋም፣ ሊጠብም፣ ጨርሶ ሊጠፋም ይችላል። ትርፍ በበኩሉ ዝቅተኛ ድንበሩን የሚወስንለት ሕግ የለውም። በሁለቱ መካከል ያለውን ስፍራ የሚወስነው የተፋላሚዎቹ ኃይል ነው፤ ማርክስ ነገሩ ሁሉ ወደዚህ ይመጣል አለ።

እንግዲህ የሠራተኛ ማኅበር ከደመወዝ ንድፈ ሐሳቡ ውጭ በኋላ የተለጠፈ ነገር አይደለም። ደመወዝ በከፊል በኃይል ሚዛን የሚወሰን ከሆነ፣ ሚዛኑን የሚለውጥ ድርጅት ራሱ ደመወዝን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው። በብዙ መጻሕፍት ይህ ነጥብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ለእኔ ግን ከማርክስ ምጣኔ ሀብት ሁሉ ለተራ ሠራተኛ የሚቀርበው ይህ ነው።

ማርክስ ሁልጊዜ እንዲህ አላሰበም። በ1848 የኮሚኒስት ማኒፌስቶ ሲጻፍ ደመወዝ በአማካይ ወደ መኖሪያ ዝቅተኛው ይወርዳል የሚለው አመለካከት ሠፍሮ ነበር። በዚያ አቋም የጸናው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ላሳል ነው። በ1863 “የብረት ሕግ” ሲል ጠራው፤ ደመወዝ ከመኖሪያ በላይ ሲወጣ ሠራተኞች ይበዛሉ፣ ሲበዙ ደመወዙ ይወርዳል አለ። ከዚህ ተነሥቶ መንግሥት ብድር የሚሰጣቸው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መቋቋም አለባቸው እንጂ የደመወዝ ትግል ከንቱ ነው አለ። በ1875 የጀርመን ሶሻሊስቶች ጎታ ከተማ ላይ ሲዋሐዱ ይህ “የብረት ሕግ” በፕሮግራማቸው ገባ፤ ማርክስም በጽሑፍ አብጠለጠለው። የሕዝብ ብዛት የተፈጥሮ ሕግ ነው ከተባለ፣ ሶሻሊዝም ራሱ ድህነትን ሊያጠፋው አይችልም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ድህነትን በሕዝብ መብዛት ያመካኘው የማልተስ መዝሙር እንጂ የሠራተኛ ፕሮግራም አይደለም።

በማርክስ ዘንድ ደመወዝን ወደ ታች የሚጎትተው የልጅ መብዛት አይደለም፤ የሥራ አጦች ተጠባባቂ ጦር ነው። በ1867 ባሳተመው የካፒታል የመጀመሪያ ቅጽ እንዳስረዳው፣ ማሽን ሲገባ ሰው ይባረራል፤ የተባረረው በር ላይ ይቆማል፤ በሩ ላይ መቆሙ ብቻ ውስጥ ያለውን አንገት ያስደፋል። በሥራ ላይ ያለው ከልክ በላይ ሲሠራ ደግሞ የውጭው ሰልፍ ይረዝማል። ስለዚህ የማኅበር የመጀመሪያ ተግባር በተቀጠረውና በሥራ አጡ መካከል ያለውን ፉክክር መቀነስ ነው።

በተግባር ምን እንደሚመስል በ1866 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ልብስ ሰፊዎች አሳይተዋል። ለተሻለ ክፍያ ሲታገሉ የኤደንብራ ጌቶች ከጀርመን ሰፊዎችን ማስመጣት ጀመሩ። የዓለም አቀፉ ማኅበር ነገሩን ተከታተለ፤ ማርክስም ለጀርመን ጋዜጦች ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ወገኖቻችሁን ለመውጋት አትሂዱ፣ የካፒታል ቅጥረኛ አትሁኑ የሚል መንፈስ ነበረው። ከባድ ንድፈ ሐሳብ የጻፈ ሰው እንዲህ ያለ የዕለት ጉዳይ ላይ ብዕሩን ሲያነሣ ማየት ደስ ይላል።

ማርክስ የገንዘብ ዋጋ መውደቅንም አልረሳም። የወርቅ ዋጋ ወርዶ ዕቃ ሲወደድ ሠራተኛው ጭማሪ ካልጠየቀ፣ በዕቃ ፋንታ በስም ተከፈለው ማለት ነው አለ። የጤፍ ዋጋ በየወሩ እየወጣ ደመወዙ ባለበት የቆመ ሠራተኛ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ጭማሪ መጠየቅ በዚህ ጊዜ የተወሰደን ማስመለስ ነው።

በማርክስ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ክፍተትም አለ። ጉልበትን በየማለዳው የሚያድሰው ምግብ በገበያ ተገዝቶ ብቻ አያልቅም፤ የሚያበስል፣ የሚያጥብ፣ የታመመውን የሚያስታምም ሰው ያስፈልጋል። ይህን በአብዛኛው ሴቶች ያለ ክፍያ ይሠሩታል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጣሊያንና በእንግሊዝ የተነሡ ሴት ማርክሳውያን ጥያቄውን በትክክል አነሡት፤ እኔም ትችታቸውን እቀበላለሁ።

ማርክስ ለዌስተን የሰጠውን መልስ ሲዘጋ ማኅበራትን አሞገሰም ገሠጸም። ካፒታልን በመቋቋም ጥሩ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ትግላቸውን በውጤቶቹ ላይ ብቻ ከወሰኑ፣ ራሱን የደመወዝ ሥርዓቱን ለመለወጥ ካልተጠቀሙበት፣ ይወድቃሉ። “ለፍትሐዊ የቀን ሥራ ፍትሐዊ የቀን ደመወዝ” በሚለው መፈክር ፋንታ የደመወዝ ሥርዓት ይወገድ ይበሉ አለ። በዚያው አንደበት ግን ከዕለት ተዕለት ትግሉ በፍርሃት የሚያፈገፍጉ ሠራተኞች ለማንኛውም ትልቅ እንቅስቃሴ ብቁ አይሆኑም ብሏል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁለቱን ግማሾች ተከፋፈሏቸው። በጀርመን የታገለችው አብዮተኛ ሮዛ ሉክሰምበርግ የማኅበራትን ሥራ፣ በግሪክ አፈ ታሪክ ድንጋይ ወደ ተራራ ደጋግሞ ከሚገፋው ሲሲፈስ ሥራ ጋር አመሳሰለችው፤ የጀርመን ማኅበራት መሪዎችም ተቆጡባት። ሌኒን በ1902 ሠራተኛው በራሱ ብቻ የሚደርሰው እስከ ማኅበር ንቃተ ኅሊና፣ ማለትም ተደራጅቶ ከቀጣሪው ጋር እስከ መታገል ነው ብሎ ጻፈ።

ከባዱ ፈተና የመጣው ቀጣሪው መንግሥት ሲሆን ነው። በ1920 መጨረሻ በሩሲያ በተነሣው ክርክር ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ የሆነው ትሮትስኪ ማኅበራት ከመንግሥት አካላት ጋር ይዋሐዱ አለ፤ የሠራተኛ ተቃዋሚ ቡድን የሚባለው ኢንዱስትሪውን ማኅበራት ያስተዳድሩ አለ። ሌኒን በዚህ ጊዜ ያነሣው ነጥብ ከብዙ ተከታዮቹ የተሻለ ነበር፦ መንግሥታችን ቢሮክራሲያዊ ጠማማነት ያለበት የሠራተኛ መንግሥት ስለሆነ ሠራተኞች ከራሳቸው መንግሥትም ራሳቸውን መከላከል አለባቸው። ነጥቡ በሩሲያ ብዙ አልኖረም።

በኢትዮጵያም አልኖረም። በእኛ አቆጣጠር በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ነበር። ደርግ ሶሻሊዝምን ባወጀ በዓመቱ፣ በ1968፣ በአዋጅ ቁጥር 64 የቆየው ማኅበር ቀረ፤ በ1969 የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በምትኩ ተቋቋመ። አዲሱ ማኅበር ምርት እንዲጨምር የሚቀሰቅስ የመንግሥት ክንድ ሆነ። በየአዳራሹ የማርክስ ሥዕል ተሰቅሎ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 የተናገረው ዋና ነገር፣ ሠራተኛው በራሱ ድርጅት ካልተከላከለ ደመወዙ ወደ ድንበሩ ይወርዳል የሚለው፣ እንዲዘነጋ ተደረገ። ይህን ያህል ዋጋ ያስከፈለን መዘንጋት በማርክሳዊነት ስም መፈጸሙ ያሳዝነኛል።

ዛሬ ሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ቦርድ ወለሉን ሲያሰላ መጀመሪያ የሚገጥመው ማርክስ ለልማድና ለታሪክ የተወው ባዶ ቦታ ነው፦ ለአንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ “አስፈላጊ” የሚባለው ምን ምን ነው? እንጀራና የጋራ ክፍል ኪራይ ብቻ? ወይስ ትራንስፖርት፣ የልጅ ማቆያ፣ ገጠር ላሉ እናት አባት የሚላክ ገንዘብም ይገባል? ዝርዝሩን የሚያወጡት ባለሙያዎች ይሆናሉ፤ የዝርዝሩ ርዝመት ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ከሠራተኛው ወገን ማን እንደተቀመጠና ከኋላው ስንት የተደራጀ ሰው እንዳለ ይወሰናል።