ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ምንድን ነው? ለእኛ ለግዕዝ ሥርዓቶቹስ?

እዚህ ጀሞ አካባቢ ካቶሊክ መሆናችሁን ጎረቤት ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው "እናንተም ቅዳሴ አላችሁ እንዴ?" ነው። አለን፣ በግዕዝም በአማርኛም፣ እኛ ከሮም ጋር አንድ ሆነን የኢትዮጵያን የጥንት የቅዳሴ ሥርዓት የምንከተል ካቶሊኮች ነን፣ ግዕዝ ሥርዓት የሚባለው ይሄ ነው። እዚህ ጋ ነው የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የሆነው ቫቲካን ሁለት የሚመጣው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)።

ጉባኤውን የጠሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ናቸው፣ በ1962 ሮም ተከፈተ፣ እሳቸው መሀል ላይ አረፉና ጳውሎስ 6ኛ ተክተዋቸው በ1965 ዘጉት፣ 16 ሰነድ ወጣ። አዲስ ዶግማ (የግድ የሚታመን ትምህርት) የሚባል አላወጀም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቅዳሴ ከላቲን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ መውጣቱን ነው፣ ሰነዱ ግን ላቲን ይቅር አላለም እኮ፣ ላቲን ይቆይ የሕዝቡም ቋንቋ ሰፋ ያለ ቦታ ያግኝ ነው ያለው። ፈረንሳዊው ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር ለውጡን አልቀበልም ብለው በ1988 ያለ ሮም ፈቃድ 4 ጳጳሳት ሾሙ፣ ተወገዙ። ቤኔዲክት 16ኛ በ2007 ለድሮው ቅዳሴ በሩን ከፈት አደረጉት፣ ፍራንቸስኮ በ2021 መልሰው አጠበቡት።

ይሄ ሁሉ ግን የላቲን ሥርዓት ጭቅጭቅ ነው፣ እኛ ጋ ተሐድሶው የመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በኅዳር 1964 ስለ ምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የወጣው ድንጋጌ ሥርዓታችሁን ጠብቁ፣ በጊዜ ብዛት ከአባቶቻችሁ ትውፊት የራቃችሁበት ነገር ካለ ደግሞ ተመለሱ ይላል። ማለትም ከሚሲዮኖች ጋር የገባውን የላቲን ልማድ አይታችሁ የራሳችሁን አንሱ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ለእኔ ከሰነዶቹ ሁሉ ደፋሩ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሮም ራሷ "እኔን አትምሰሉ" እያለች ነው። በጉባኤው የመጀመሪያ ዙር እዛው ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ውስጥ የእኛ ቅዳሴ በከበሮ ተቀድሷል፣ የዓለም ጳጳሳት ተሰብስበው እያዩ። እናቶቻችን ግን ከላቲኖቹ የመጣውን መቁጠሪያቸውን አለቀቁም፣ ይልቀቁ የሚልም የለም።

ሁሉም የኢትዮጵያ ካቶሊክ ግዕዝ አይደለም ታዲያ። አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብር፣ ባሕር ዳር-ደሴ የሚባሉት ሀገረ ስብከቶች የግዕዝ ሥርዓት ናቸው፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ነቀምት ላቲን ናቸው፣ እነሱ ጋ ጉባኤው ያመጣው በወላይትኛና በኦሮምኛ መቀደስን ነው። ስለዚህ ከሶዶ መጥቶ እዚህ ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም የተከራየ ልጅ እሁድ ሲመጣ የት መቆም የት መንበርከክ እንዳለበት ግራ ይገባዋል፣ ድንጋጌው ደግሞ ማንም ካቶሊክ የትም ቢሆን የራሱን ሥርዓት ይያዝ ነው የሚለው፣ እሱ ግን ቅርቡ ያለው ቁምስና (የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን) ግዕዝ ከሆነ በሁለት ታክሲ ላቲን ፍለጋ ይሄዳል ወይ ከእኛ ጋር ይለምዳል፣ አብዛኛው ይለምዳል።