«ይሄማ የኛ ትዝታ ነው!» እና ሌሎች ስለ ድሮ የጃፓን ዘፋኞች የሚወሩ ስህተቶች

ሌሊት ዩቲዩብ ላይ ስትቆዩ አንድ የድሮ የጃፓን ዘፈን ሳትጠሩት ይከፈታል። የምትዘፍነው ሴት ናት። ቃሉ አንድም አይገባም፣ ግን አንጀት ይበላል። ለጓደኛ ትልካላችሁ፣ ጓደኛ ደግሞ የሰማውን ወሬ ጨምሮ ይመልሳል። እኔ ጋ የተጠራቀመውን ወሬ ትንሽ ላጥራው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዜማውን ከኛ ነው የወሰዱት»

ክራር የሚጫወት ወዳጅ አለኝ። የሚሶራ ሂባሪን «ካናሺ ሳኬ» አሰማሁት። «አሳዛኝ መጠጥ» እንደ ማለት ነው፤ 1966 ላይ የዘፈነችው። አንዲት ሴት ብቻዋን ቁጭ ብላ እየጠጣች የተለየችውን ሰው ታስባለች። ወዳጄ ክራሩን አነሳ። ከድምፅዋ ከፍታ ጋር እንዲገጥም ክሮቹን ትንሽ ወጠር አደረገ እንጂ ቅኝቱን አልቀየረም። ትዝታ ማይነር ላይ ነበር፣ እዚያው ላይ ሆኖ አጀባት። «ይሄማ የኛ ነው!» አለ። «የኮርያ ዘማቾች ናቸው ያመጡት።» የኛ ከሆነ ለምን ያመጡታል ብዬ አልተከራከርኩም።

ወሬው በሁለት መልክ ነው የሚዞረው። አንደኛው፣ ከ1951 ጀምሮ ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች ለእረፍት ጃፓን ሲሄዱ ዜማውን ይዘው መጡ ይላል። «ጃፓኗን ወድጄ» የሚለው የድሮ ዘፈንም ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ዘፈኑ አለ፣ ከዘማቾቹም ጃፓንን ያዩ ነበሩ። ትዝታ ግን አንድም ወታደር መርከብ ሳይሳፈር በፊት አዝማሪ በማሲንቆ ሲጫወተው የኖረ ቅኝት ነው።

ሁለተኛው ወሬ ነገሩን ገልብጦ ጃፓኖች ከኛ ቀዱት ይላል። እሱም አያስኬድም። የነሱ ቅኝት ዮናኑኪ ይባላል፣ «አራትና ሰባት የወጣለት» ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በሜጂ ዘመን፣ የአውሮፓን ሰባት ድምፅ ተማሩና አራተኛውንና ሰባተኛውን ጣሏቸው። አምስት ቀረ። ማይነሩን ፒያኖ ላይ ምቱት፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። አሁን ደግሞ ትዝታ ማይነርን ምቱ፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ያው ነው! ሁለት አገር፣ ሳይተዋወቁ፣ እዚያው አምስት ድምፅ ላይ ተገናኙ። ለኔ ይሄ ከዘማቾቹ ታሪክ ይበልጥ ያስደንቃል።

ዝምድናው በዚህ አያበቃም። ኮቶ በሚባለው የጃፓን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ የሚመታው ሚያኮቡሺ የሚሉት ቅኝት ከአምባሰል ጋር አንድ ነው። አንቺሆዬን የሚያህል ግን ከነሱ እስካሁን አልሰማሁም። በዚህ ላይ ኤንካ የሚባለውን የጃፓን የእንባና የመጠጥ ዘፈን የሚዘፍኑት ድምፃቸውን ቃሉ መጨረሻ ላይ ያጥፉታል፣ ያንቀጠቅጡታል። ኮቡሺ ይሉታል። በትዝታ ላደገ ጆሮ ቅላጼው አዲስ አይደለም።

«ሚሶራ ሂባሪ የጥንቱ ኤንካ ንግሥት ናት»

ንግሥቷስ ልክ ነው፣ «የጥንቱ» የሚለው ላይ ነው ችግሩ። ኤንካ የሚለው ቃል በሜጂ ዘመን የፖለቲካ ዲስኩር በዜማ የሚቀርብበት ዘፈን ስም ነበር። ዛሬ የምናውቀው የእንባና የመጠጥ ዘፈን በዚህ ስም የተጠራው በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ከቢትልስ በኋላ ማለት ነው።

ሂባሪ ራሷ በ1937 ዮኮሃማ የተወለደች የዓሣ ሻጭ ልጅ ናት። በ12 ዓመቷ፣ 1949 ላይ፣ የመጀመሪያ ሸክላዋን ስታስቀርጽ የዘፈነችው ቡጊ የተባለውን የአሜሪካ የጭፈራ ምት ነው። በ1965 የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የናት ኪንግ ኮልን ዘፈኖች ጃዝ አድርጋ አልበም አወጣች። በ1967 ደግሞ ሚኒስከርት ለብሳ ከኤሌክትሪክ ጊታር ባንድ ጋር «ማካና ታይዮ»ን ተጫወተች። ኪሞኖ የለበሰችበትን ፎቶ ብቻ ያየ ሰው ይሄን አይጠረጥርም።

«‹ፕላስቲክ ላቭ› ያኔ ጃፓንን ያናወጠ ዘፈን ነው»

አልነበረም። ታኬኡቺ ማሪያ በ1984 «ቫራይቲ» የተባለ አልበም አወጣች፣ ዘፈኖቹን በሙሉ ራሷ ደርሳ። አልበሙ አንደኛ ወጣ። ከውስጡ «ፕላስቲክ ላቭ» በ1985 ለብቻው ሲታተም ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ 86ኛ ሆኖ ቀረ። ገናና የሆነው በ2017 አንድ ሰው ዩቲዩብ ላይ ከጫነው በኋላ ነው፣ ያውም ያለ ፈቃድ።

ያቺ ፈገግ ያለች ሴት የምትታይበት ጥቁርና ነጭ ፎቶስ? እሱም የዚህ ዘፈን አይደለም። በ1980 ለወጣ ሌላ ዘፈኗ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ያነሳው ነው። ፎቶ አንሺው መብቴ ተነካ ብሎ ቪዲዮው ለጊዜው ወርዶ ነበር። በአስር ሚሊዮኖች የታየው ቪዲዮ የወረደው በዘፈኑ ሳይሆን በፎቶው ምክንያት ነው።

«የደስታ ዘፈኖች ናቸው፣ ለመኪና መንገድ»

የነ«ፕላስቲክ ላቭ» ዜማ ይሸውዳል። ባሱ ይዘላል፣ ጊታሩ ይቆርጣል፣ እናንተ ትወዛወዛላችሁ። «ፕላስቲክ ላቭ» ላይ ያለችው ሴት ግን ልቧ ከተሰበረ በኋላ ፍቅርን ጨዋታ ያደረገች ናት። የማትሱባራ ሚኪ «ማዮናካ ኖ ዶአ» («የእኩለ ሌሊት በር») ደግሞ ይብሳል። ውስጡ ግራጫ ጃኬት አለ፤ ጃኬቱ ላይ የምታውቀው የቡና እድፍ አለ። እኩለ ሌሊት በር እየደበደበች አትሂድ ብላ ያለቀሰችበትን ጊዜ ታስታውሳለች። አንድ የቡና እድፍ! ቡና ቤቱ ለሚፈላለት አንባቢ ይሄ አይተረጎምም።

ማትሱባራ ይህን ስትዘፍን ገና 19 ዓመቷ ነበር፣ ኅዳር 1979። ያኔ 28ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። በ2020 መጨረሻ ስፖቲፋይ ላይ በዓለም ዙሪያ ሲፈነዳ፣ ልጆች ጃፓናዊ እናቶቻቸው ፊት ከፍተውት እናቶቹ ሲጨፍሩ ቪዲዮ ይቀርጹ ነበር። እሷ አላየችውም። በ2004 በካንሰር በ44 ዓመቷ አርፋለች።

«ቴሬሳ ቴንግ ጃፓናዊት ናት»

ታይዋናዊት ዘፋኝ ናት። በ1980ዎቹ በጃፓንኛ ተደጋጋሚ ሂት ስላወጣች ነው ከጃፓኖቹ ጋር የምትምታታው። ይኸው ነው።

«አይዶሎቹ አሻንጉሊት ነበሩ፣ ከጀርባ ወንዶች ናቸው የሚያዘፍኗቸው»

አይዶል የሚሉት ድርጅት ኮትኩቶ የሚያወጣውን ወጣት ዘፋኝ ነው። ወሬው ከፊሉ እውነት ነው፣ አልዋሽም። የፀጉር ቁርጣቸውን ሳይቀር ድርጅት የሚወስንላቸው ልጆች ብዙ ነበሩ። ግን ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

ማትሱዳ ሴይኮ ከ1980 እስከ 1988 በተከታታይ 24 ሲንግል አንደኛ አውጥታለች። ከነሱ አንዱ የ1982ቱ «አካይ ስዊት ፒ» ነው። ሽፋኑ ላይ ዜማው የኩሬታ ካሩሆ ነው ይላል። የፊልም ተዋናይቷን የግሬታ ጋርቦን ስም በጃፓን አፍ አጣመው የሠሩት ስም ነው። ከስሙ ጀርባ ያለችው ማትሱቶያ ዩሚ ናት፤ ያኔ ራሷ ትልቅ ዘፋኝ፣ በሴይኮ ዘመን ገበያውን የምትፎካከር። ሰው ዜማውን እንጂ ስሜን እንዳይሰማ ብላ ተደበቀች። ከአሻንጉሊቷ ጀርባ የነበረው እጅ የሌላ ሴት እጅ ነበር።

ሁለተኛዋ ያማጉቺ ሞሞኤ ናት። በ1973 በ14 ዓመቷ ጀመረች። በ1976 ግን ድርጅቱ ከሚያቀርብላት ወጣ ብላ የሮክ ሰው የሆነው ኡዛኪ ሪዩዶ ዜማ ይሥራልኝ ብላ ጠየቀች። ግጥሙን የጻፈችው ሚስቱ አኪ ዮኮ ናት። ባልና ሚስቱ በ1978 የሠሩላትን «ፕሌይባክ ፓርት 2» ስሙት፦ አንዲት ሴት ቀይ ፖርሽ ብቻዋን ትነዳለች። መስቀለኛ መንገድ ላይ የጎን መስታወት ተነካ ብሎ የሌላው መኪና ሾፌር ይጮህባታል። እሷም መልሳ ትጮህበታለች። የጃፓን የሕዝብ ብሮድካስት ጣቢያ ኤንኤችኬ ማስታወቂያ ስለማይፈቅድ እዚያ ስትዘፍን ፖርሹ «ቀይ መኪና» ሆነ። የኛን አገር ሳንሱር ለሚያስታውስ ሰው ይሄ ቀላል ቅጣት ነው።

ከዚያ ተወችው። ጥቅምት 5 ቀን 1980፣ ቶኪዮ ቡዶካን አዳራሽ፣ 21 ዓመቷ ነው። የመጨረሻውን ዘፈን ጨርሳ ነጩን ማይክ መድረኩ ወለል ላይ አስቀመጠችና ሄደች። ለማግባት ነበር። «አስገድደዋት ነው»፣ «አንድ ቀን ትመለሳለች» ሲባል አርባ ዓመት አለፈ። አልተመለሰችም። በ2019 መጽሐፍ አወጣች ሲባል ሰው ተንጋጋ። ውስጡ ከጨርቅ ቁርጥራጭ በእጇ የሰፋቻቸው ሥራዎች ፎቶ ነው።