የውድድር ጭንቀት ምንድን ነው?

«ከጨነቃት ለውድድር አልደረሰችም ማለት ነው።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ አንዲት የ11 ዓመት ዋናተኛ እንዲህ ሲል ሰማሁ። ይህን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት! አሁንስ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

የውድድር ጭንቀት ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሰውነት ነው፦ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ ሆድ ይገለባበጣል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሌላው የሐሳብ ነው፦ «ብሸነፍስ? አባባ ምን ይለኛል?» ብዙ ሰው ሁለቱን ይደባልቃል። ልጅቷ እጇ ሲንቀጠቀጥ ያይና «አትፍሪ፣ ተረጋጊ!» ይላታል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

እሳት ላይ የተጣደ ወተት አስቡ። እሳት ከሌለ አይፈላም። የሰውነቷ መጋል እሳቱ ነው፤ 50 ሜትር በፍጥነት ለመዋኘት ያስፈልጋታል። ወተቱን የሚያገነፍለው ክዳኑ ነው። «አትፍሪ» ክዳን ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሁለት ሥራ አለባት፦ መዋኘትና ፍርሃቷን መደበቅ። «ዘመድ ሁሉ እያየሽ ነው» የሚላት ደግሞ እንጨት ይጨምራል። አሰልጣኙ የባለፈውን ሰዓቷን ሲያስታውሳት፣ ሌላ እንጨት። የእሳቱ ልክም ከልጅ ልጅ ይለያል። አንዷ ዝምታ ያስፈልጋታል፤ ሌላዋ ካልዘለለችና ካልሳቀች አትሞቅም። ሁሉንም አሰልፎ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ማለት ለግማሾቹ አይሆንም።

ክዳኑ የሚነሳው ስሜቱን በስሙ ሲጠሩት ነው። «ልብሽ እየመታ ነው? ጥሩ፣ ሰውነትሽ እየተዘጋጀ ነው» በሏት። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ጭንቀታቸውን «ጓጉቻለሁ» ብለው የተረጎሙ ሰዎች ለመረጋጋት ከሞከሩት የተሻለ ሠርተዋል። ግን ልብ በሉ፦ የተፈተኑት በዘፈን፣ በንግግርና በሒሳብ እንጂ በዋና አይደለም። ልጆችም አልነበሩም።

«ብሸነፍስ?» የሚለው ሐሳብ የሚበረታው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ረጅሙ ፊሽካ ይነፋል፣ መነሻ መድረኩ ላይ ትወጣለች፣ «ቦታ ያዙ» ይባላል፣ ከዚያ ድንጋይ ሆና መቆም አለባት። ከምልክቱ ቀድማ ከተነሳች ትሰረዛለች። ለዚህ ሰዓት በልምምድ የተደጋገመ ትንሽ ሥራ ስጧት፦ መነጽር መጫን፣ ትከሻ ማራገፍ፣ አንድ ቃል ለራሷ መናገር። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ በኦሊምፒክ የ200 ሜትር «ቢራቢሮ» የተባለው የዋና ስልት ውድድር የአሜሪካዊው ዋናተኛ የማይክል ፌልፕስ መነጽር ውሃ ሞላ። ግድግዳውን ማየት አልቻለም። ቀዘፋውን እየቆጠረ ጨረሰና በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የቆጠረው ቀዘፋውን ነው፤ ሜዳሊያውን አይደለም።

ስለ ትንፋሽ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ባትጠይቁኝም እናገራለሁ። «በኃይል ደጋግመሽ ተንፍሺ» የሚለው ምክር ለዋናተኛ አደገኛ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያወጣዋል፤ «አየር ያስፈልገኛል» የሚለው የሰውነት ደወል ይዘገያል፤ ልጅቷ ውሃ ውስጥ ሳይታወቃት ራሷን ልትስት ትችላለች። ቀስ ያለ ትንፋሽ፣ ማውጣቱ ከማስገባቱ የረዘመ፣ እሱም ገና ወንበር ላይ እያለች። ትንፋሽ ይዞ መቆየት ጨርሶ አይሞከር።

ይህ ሁሉ የውድድር ቀን ጭንቀት ነው። ለቀናት እንቅልፍ ካጣች፣ ልምምድ በመጣ ቁጥር ካስመለሳት ወይም የምትወደውን ገንዳ ከጠላች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ውድድሩን አቁማችሁ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ውሰዷት።